ካምፓላ፦ ዶሮ በፍም ላይ የምትዞርባት ከተማ

ካምፓላ እንደ አዲስ አበባችን በኮረብታዎች ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። በመጀመሪያ የተቆረቆረችው በሰባት ኮረብታዎች ላይ ነው ይባላል፤ ዛሬ ግን ቤቶቿ ሰባቱን አልፈው ሌሎች ብዙ ጉብታዎችን አልብሰዋል። ስሟም የተወሰደው ከኮረብታ ነው፤ ኢምፓላ የሚባለው የድኩላ ዘመድ ይሰማራበት የነበረው ጉብታ ለከተማይቱ ስሙን አወረሳት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,200 ሜትር ያህል ስለሆነ ከደጋ ለሚሄድ ሰው አየሯ ሞቅ ይላል። አፈሯ ቀይ፣ ቅጠሏ ለምለም ነው። በየመንገዱ ቦዳ ቦዳ የሚሏቸው ሞተር ብስክሌቶች እንደ ንብ ይርመሰመሳሉ። በየዛፉና በየቆሻሻው ክምር ላይ ደግሞ ሐዋሳን ያየ ሰው አባ ኮዳ ብሎ የሚያውቃቸው ራሰ በራ ታላላቅ አሞራዎች እንደ ሽማግሌ አጎንብሰው ይቆማሉ።

ለአጭር ሥልጠና ወደ ዩጋንዳ በተላክንበት ጊዜ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከተማይቱን በእግር ለማየት ዕድል አግኝተናል። ስለ ካቴድራሎቿ፣ ስለ መስጊዶቿና ስለ ነገሥታቱ መቃብር የሚጻፈው ብዙ ነው፤ እርሱን ለሌላ ዓምድ እንተወዋለን። ለዚህ ለቤተሰብ ዓምድ የመረጥነው ዶሮ ጥብስን ነው። የጦር መኮንን ስለ ዶሮ ምን አገባው የሚሉ ወንድሞች እንደማይጠፉ እናውቃለን። እነዚህ ወንድሞች ዶሮ ወጥ ሲቀርብ ፈረሰኛውን ለመቀበል ማንንም እንደማያስቀድሙ ግን ባለቤቶቻቸው ይመሰክራሉ።

ከማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታ ግርጌ ዋንዴጌያ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው በ1922 እ.ኤ.አ. ስለተመሠረተ፣ የሰፈሩ ጉሊትና ምድጃ ለብዙ ትውልድ ተማሪ ሲያበስል ኖሯል። በቻፓቲ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን የእንቁላል ጥብስ ሮሌክስ ይሉታል፤ ስሙ የመጣው ከውዱ የእጅ ሰዓት ሳይሆን «የተጠቀለለ እንቁላል» የሚለው የእንግሊዝኛ አጠራር በጥድፊያ ሲጠራ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሰፈሩን የሚገዛው የዶሮ ሽታ ነው። በግማሽ የተሰነጠቁ በርሜሎች በመንገዱ ዳር ይደረደራሉ፤ ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ ከበርሜሎቹ ኋላ ባሉት ቤቶች ደግሞ ዶሮዎች በዘንግ ተሰክተው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። የከተማው ሰው ይህችን ዶሮ «ቲቪ ቺክን» ይላታል፤ መስታወቱ እንደ ቴሌቪዥን ያሳያታልና።

እኛም ቴሌቪዥኑን ቆመን ተመለከትን፤ ጥበቡ መዞሩ ላይ ነው። ዶሮ ከአንድ ወገን ብቻ እሳት ሲያገኛት ያ ወገን ያርራል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል፣ የቀለጠው ስቧም በቀጥታ ወደ ፍሙ ይወርዳል። በዝግታ ስትዞር ግን እያንዳንዱ ጎኗ ለጥቂት ሰከንድ እሳቱን አይቶ ዘወር ይላል፤ ሙቀቱ ከቆዳዋ ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ያገኛል። ከቆዳዋ ሥር የሚቀልጠው ስብ ከመንጠባጠብ ይልቅ በገላዋ ላይ እየተንከባለለ ያርሳታል። ስለዚህ ጠባሹ ዘይት እየቀባ መድከም አያስፈልገውም፤ ዶሮዋ ራሷን ትቀባለች። በዋንዴጌያ የበላናት ዶሮ ደረቷ እንኳ ወዟን አላጣችም ነበር፤ የዶሮ ደረት እንደ ቋንጣ የሚደርቅ ክፍል መሆኑን የማያውቅ የለም።

መስታወትና ኤሌክትሪክ የሌላቸው የበርሜል ጠባሾችም ከዚሁ ሕግ አልወጡም። ካነጋገርናቸው አንዱ፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ጎልማሳ፣ ከሰሉ አመድ ሳይለብስ ዶሮ አያስጠጋም። ነበልባል እስካለ ድረስ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፤ የተራበ ደንበኛ ቢቆጣውም አይነሣም። ፍሙ ነጣ ሲል ከመካከል ወደ ሁለት ጎን ይገፋዋል፤ ዶሮዋ ባዶ በቀረው መካከል ላይ ትሆናለች። ስቡ በፍም ላይ ቢወርድ ነበልባል ያስነሣል፣ ነበልባሉም ጥላሸት ይለብሳታል፤ ፍሙ ወደ ጎን ሲገፋ ግን ይህ አይደርስም።

በመንገድ ዳር የሚሸጥ የዶሮ ጥብስ በሰፊው የሚታወቅበት ስፍራ ከካምፓላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጂንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሙኮኖን አልፈው ሉጋዚና የማቢራ ደን ሳይደርሱ ናማዎጆሎ የሚባል ገበያ አለ። አውቶቡስ ገና ፍጥነቱን ሲቀንስ ካፖርት የለበሱ ሻጮች ከሁለቱም ወገን ይከቡታል፤ በእንጨት የተሰካ የዶሮ ብልት፣ ጉበትና ጎንጃ የሚባለው የተጠበሰ ጣፋጭ ሙዝ በየመስኮቱ ይገባል። ወንዱን «ሴቦ!»፣ ሴቲቱን «ኛቦ!» እያሉ ይጠራሉ፤ ጌታዬ፣ እመቤቴ እንደ ማለት ነው። ዶሮ በሉጋንዳ ቋንቋ «እንኮኮ» ትባላለች። ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲሰማ፣ «እኔስ እንኮኮ የማውቀው ልጄን በትከሻዬ ስሸከማት ነው» ብሎ አሳቀን፤ ከዚያም ልጁ ትዝ ስላለችው ለረጅም ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ዝም አለ። ወደ ሩቅ ግዳጅ የሄደ አባት ሁሉ ይህን ዝምታ ያውቀዋል።

በናማዎጆሎ መስኮቶች የምትሸጠው ዶሮ በቤት ውስጥ ሌላ ታሪክ አላት። በቡጋንዳ ዘንድ ዶሮ የክብር ምግብ ናት። ሉዎምቦ የሚባለው ምግብ በ1887 እ.ኤ.አ. በካባካ ሙዋንጋ ወጥ ቤት እንደተጀመረ ይነገራል፤ ሥጋው በጭስ ወይም በፍም ጠቆር ካለ በኋላ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለልና ለሰዓታት በእንፋሎት ይበስላል። ቅጠሉ ወዙን አያስወጣም። እንግዳ ያለ ዶሮ አይሸኝም፤ የዶሮዋ መቋደሻ ለአባወራው ይቀመጣል፤ መቋደሻውን ሳታስቀምጥ የቀረች ሚስት ጠብ እንደሚጠብቃት ዛሬም በቀልድም በቁም ነገርም ይወራል። ከዚህ ሁሉ በላይ ያስገረመን ግን ይህ ነው፦ በቀድሞው የጋንዳ ልማድ ሴት ዶሮ አትበላም፣ እንቁላልም አትቀምስም ነበር። ታረባለች፣ ትጠብቃለች፣ ታበስላለች፣ ታቀርባለች፤ መብላቱ የወንዱ ነው። ልማዱ ከትምህርት ቤትና ከከተማ ሕይወት ጋር እየላላ መጥቶ፣ ዛሬ በዋንዴጌያ ልጃገረዶች የዶሮ እግር ይዘው ሲሄዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። በአንድ ምድጃ አጠገብ ያገኘናቸው አሮጊት ግን አያታቸው ዕድሜ ልካቸውን ዶሮ ሠርተው አንድም ቀን ሳይቀምሱ እንደሞቱ ነገሩን። ይህን የነገሩን የዶሮዋን ክንፍ እየጋጡ ነበር።

ይህን ስንሰማ «የሌላ አገር ጉድ» ብለን እንዳናልፈው ያደረገን የካባላጋላ ሰፈር ነው። ካባላጋላ በጋባ መንገድ ላይ፣ ከሙዬንጋ ኮረብታ ሥር የሚገኝ ሌሊቱን የማይተኛ ሰፈር ነው፤ ስሙም ከሙዝና ከዱቄት የሚጠበስ ቂጣ ስም ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች በብዛት ሰፍረውበት ምግብ ቤቶች ስለከፈቱ፣ እንጀራና ቡና የናፈቀው ሁሉ ወደዚያ ያመራል። እኛም አመራን። ከወሎ የመጡና በሰፈሩ አነስተኛ ምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እናት «ግቡ ወንድሞቼ፣ ቤታችሁ ነው» ብለው ተቀበሉን። እትዬ እያልን እየጠራናቸው ስንጨዋወት፣ በጓሯቸው ክዳን ያለው በርሜል ቆሞ፣ በውስጡ ሁለት ዶሮዎች ሲዞሩ አየን።

«በአገራችን ቆዳውን ገፍፈን እንጥላለን» አሉን። «ለወጥ ትክክል ነው፤ ቆዳ ወጥ ውስጥ ይልመጠመጣል። እዚህ ግን ሰው የሚከፍለኝ ለቆዳው ነው።» ቀጥለውም፣ እርሳቸው ያደጉበት ቤት ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት ስትሠራ ፈረሰኛው ለአባት፣ መላላጫው ለወንድሞችና ለእንግዳ፣ ለእናታቸው ብዙውን ጊዜ አንገትና ክንፍ ይደርስ እንደነበር አጫወቱን። ባል አግብተውም እርሳቸው እንደ እናታቸው ፈረሰኛ እያቆዩ ኖሩ። «የፈረሰኛን ጣዕም ያወቅሁት ካምፓላ ከገባሁ በኋላ ነው» አሉ። «እዚህ ዶሮዋን ሙሉዋን አወጣታለሁ፤ ሁሉም እያየ ትቆረጣለች።» ይህን ሲናገሩ አልተከዙም፤ ዘንጉን አንድ ጊዜ አዙረው ወደ ደንበኞቻቸው ሄዱ።

የክዳኑ በርሜል አሠራር ለጦር ሰፈር ኑሮ የተስማማ ሆኖ ስላገኘነው፣ ከእርሳቸውና ከዋንዴጌያው ጎልማሳ የተማርነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን። በበዓል ወይም በፈቃድ ቀን፣ ጾም በሌለበት፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ እምነቱ ያረዳትን ዶሮ ይዞ ሊሞክረው ይችላል።

አስቀድሞ በርሜሉ። የምግብ ዘይት የነበረበት ይመረጣል። ቤንዚን ወይም ኬሚካል የያዘ በርሜል ለምግብ አይሆንም፤ በውስጡ የቀረው ትነት በብየዳ ወይም በመቁረጫ እሳት ሲነካ ፈንድቶ ሕይወት ያጠፋልና ማንም «ታጥቧል» ቢላችሁ አትንኩት። ዚንክ የተለበጠ ብረትም ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል። በርሜሉ በቁመቱ ተሰንጥቆ ግማሹ ምድጃ፣ ግማሹ በማጠፊያ የተያያዘ ክዳን ይሆናል፤ ከሥር አየር የሚገባባቸው፣ ከላይ ጭስ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ይበጁለታል። ዘንጉ ያልዛገና የጸዳ ብረት ይሁን፤ አንዱ ጫፉ እንደ መኪና ማኒቬላ ከታጠፈ መያዣ ሆነ ማለት ነው። ጋራዥ የሠራ ወታደር በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

በርሜሉም ሆነ ፍሙ በምንም ምክንያት ወደ ቤት አይግባ። ዝናብ ቢመጣ ዶሮዋ ትቅር። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም ስለሌለው፣ ሌሊት ክፍሉን ሊያሞቅ የገባ ምድጃ ቤተሰቡን ተኝቶ እንዳለ ያስቀረበት ጊዜ በአገራችን ጥቂት አይደለም።

ዶሮዋን በተመለከተ፣ ለጥብስ የምትሆነው ወጣት ናት፤ ቄብ ወይም ገና ያልጠነከረ አውራ። ዕድሜ የጠገበው አውራ ለወጥ ይቆየን፤ ሥጋው በፍም ላይ እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። የፈረንጅ ዶሮ ስብ ስላላት ለጀማሪ ትቀላለች። የሐበሻዋ ጣዕሟ ይበልጣል፣ ሥጋዋ ግን ስስ ስለሆነ የፍሙ ኃይል ይቀንስላት። ላባዋ ተነጭቶ፣ ተለብልባና ጸድታ፣ ቆዳዋ ሳይነካ ሙሉዋን ትቆያለች። እጥበቱ በሳፋ ቀስ ብሎ ይሁን፤ ጥሬ ዶሮ የነካው ውኃ ሰላጣና ዳቦ ላይ እንዳይረጭ። ቢላዋውና መክተፊያውም ሳይታጠብ ለሌላ ምግብ አይዋል፤ ሕፃናትን የሚያስቀምጥ በሽታ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

የወዙ ዋና ምሥጢር ጨው ነው። ለአንድ ኪሎ ተኩል ዶሮ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨው በዋዜማው ማታ በውስጥም በውጭም ተቀብቶ፣ ዶሮዋ ተሸፍና በቀዝቃዛ ቦታ ታድራለች፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ልትጠበስ ጥቂት ሲቀራት ይቀባት። ጨው በመጀመሪያ ውኃዋን ይስባል፣ ከዚያ ያ ጨዋማ ውኃ ተመልሶ ወደ ሥጋዋ ይገባል፤ ጨው የገባበት ሥጋ በእሳት ጊዜ ውኃውን አጥብቆ ይይዛል። ሎሚ ለጠረን መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱን በሎሚ ተዘፍዝፋ ካደረች ላይዋ ይኮማተራል፣ ስለዚህ ሎሚው መጨረሻ ላይ ይጨመቅ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ተወቅጠው በሆዷ ውስጥ ቢገቡ ሥጋዋን ያውዱታል። በርበሬና ቅቤ ግን ከመጀመሪያው ቢቀቡ ያርራሉ። የካባላጋላዋ እናት ንጥር ቅቤ በሚጥሚጣ ለውሰው የሚቀቧት ልትወርድ አሥር ደቂቃ ሲቀራት ነው፤ እኛም ከዚህ የተሻለ አላየንም።

እግሮቿና ክንፎቿ በገላዋ ላይ በጥጥ ክር ይታሰራሉ፤ ዘንጉ በመካከሏ ካላለፈና ክብደቷ ካልተመጣጠነ እርሷ ቆማ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። ፍሙ በሁለት ጎን፣ ከሥሯ ውኃ ያለበት መጥበሻ። እጅን በዶሮዋ ከፍታ ላይ ዘርግቶ እስከ አምስት ወይም ስድስት መቁጠር ከተቻለ ሙቀቱ ልክ ነው፤ ሦስት ላይ እጅ ከሸሸ ፍሙ በዝቷል።

ጭሱን በተመለከተ እናቶቻችን ከማንም በላይ አዋቂዎች ናቸው። የእርጎ ቅልና የጠላ እንስራ የሚታጠነው በወይራ እንደሆነ ለማን ይነገራል? ያው ወይራ፣ በትንንሹ ተፈልጦና ደርቆ፣ አንድ እፍኝ ያህል በፍሙ ላይ ይጣላል። ጊዜው ዶሮዋ ገና በገባችበት ይሁን፤ ጭስ የሚይዘው ቀዝቃዛና እርጥብ ገላ ነው። ስስ ጭስ ያጣፍጣል፣ ወፍራሙ ነጭ ጭስ ያመርራል። ባሕር ዛፍና ጥድ ዘይታቸውና ሙጫቸው ሥጋውን ስለሚያበላሸው ከዚህ ምድጃ ይራቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መዞር ነው። በየሁለትና ሦስት ደቂቃው ሩብ ዙር ይበቃል። ክዳኑ በሌላው ጊዜ ሁሉ ይዘጋ፤ ደጋግሞ መክፈት ሙቀቱን ያባርራል። አንድ ኪሎ ተኩል የምትመዝን ዶሮ ከአንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ትፈልጋለች። ከአምባው ላይ ዘብ መቆም የለመደ ሰው በዚህ አይሰለችም፤ ስለዚህ ሥራውን ለአባወራው ሰጥተነዋል። ባለቤቱ ያን ጊዜ ተቀምጣ ቡና ታፍላ ወይም ከነጭራሹ ምንም አትሥራ።

መብሰሏን መልኳ ብቻ አይነግርም፤ ቆዳዋ ቀይ ሆኖ መገጣጠሚያዋ ደም ሊኖረው ይችላል። ቴርሞሜትር ያለው የታፋዋን ወፍራም ክፍል አጥንት ሳይነካ ይውጋ፤ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ አያሰጋም። የሌለው ታፋዋንና ገላዋን የሚያገናኘውን ስፍራ በቢላዋ ጫፍ ይውጋ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ እንጂ ሮዝ መሆን የለበትም። ከእሳት ከወረደች በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ትረፍ፤ ወዲያው ከተቆረጠች ወዟ በሳህኑ ላይ ይፈስሳል።

ከሰል ውድ በሆነበት ዘመን ይህን ሁሉ ለአንዲት ዶሮ ማንደድ ይከብዳል የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ዩጋንዳም የደኗ መመናመን አስግቷት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ለንግድ ከሰል ማክሰልን ከልክለዋል። በአንድ ዘንግ ላይ ግን ሦስት ዶሮዎች ይሰለፋሉ፤ ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ ፍም ቢጠብሱ ወጪው ይከፈላል፣ ለመዞሩም ተረኛ አይጠፋም። ባሏ በግዳጅ ላይ ያለ እማወራ ብትኖር ዶሮዋን ታምጣ፤ ሌሎቹ ያዞሩላታል።

ስትቀርብ በካምፓላ ጎንጃ፣ ካሳቫ ወይም ካቹምባሪ የሚሉት የቲማቲምና የሽንኩርት ሰላጣ ያጅባታል። በእኛ ቤት በትኩስ እንጀራ ወይም በድፎ ዳቦ፣ ከቲማቲም ለብለብና ከቃርያ ጋር ትስማማለች። ዶሮዋ ሙሉዋን በገበታው መካከል ትቀመጥ፤ የምትቆርጠው እማወራዋ ትሁን፤ ፈረሰኛውንም መጀመሪያ በራሷ ሳህን ላይ ታድርግ። አባወራው ቅር ካለው መቋደሻው አለለት። የተረፈው አጥንት በማግሥቱ ከካሮትና ከድንች ጋር ሁለት ሰዓት ተቀቅሎ ለልጆቹ መልካም ሾርባ ይወጣዋል፤ የወይራው ጭስ ጠረን ያን ጊዜም በውስጡ አለ።